ጢሞ ለምን ደበቃት

እኔ ቴሌቪዥን ዝም ብዬ ማየት አልችልበትም። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የቀሚስ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቤቴ እገባና ከዞምቢ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ይኸው ሁለት ዓመቴ።

ድራማውን የምናየው ሦስት ሆነን ነው። አንዷ ዛራ ናት። የሞያሌ ልጅ ናት፤ ኢምባካሲ የአየር ጭነት ቢሮ ትሠራለች፤ ሐሙስ እረፍቷ ነው። ሲጀመር አንድ ክፍል ተከራይታኝ ነው የገባችው። አሁን አራት ዓመት ሆኗት እህቴ ትሁን ልጄ ትሁን ለይቼ አላውቅም፤ ብቻ እሷ ካልገባች ራት አይወርድልኝም። ሌላው ሕዝቅያስ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ዌስትላንድስ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። እዚሁ ናይሮቢ ስላደገ እንደ አገሩ ልጆች «ማማ ሰአዳ» ይለኛል።

ድራማው ሙታን ተነሥተው አንድ ከተማ ከበሉ በኋላ የተረፉ ጥቂት ሰዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው ሲኖሩ የሚያሳይ ነው። የፈረንጅ ስም አይያዝልኝም፤ ስለዚህ ለሁሉም ስም አወጣሁላቸው። መሪያቸው ጢማሙ ሽማግሌ «ጢሞ» ነው። የምታክማቸው ሴትዮ «ዶክተሯ» ናት። ዞምቢዎቹን በደፈናው «ሬሳዎቹ» እላቸዋለሁ። ሕዝቅያስ እንኳ ትክክለኛ ስማቸውን ረስቶ በእኔ ስም ነው የሚከራከረው።

የሱ ጭቅጭቅ ሎጂክ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ቤንዚኑን ከየት ያመጣሉ? ሣሩን ማን ያጭደዋል? የዶክተሯን ፀጉር ማን ይሠራላታል? ሬሳዎቹ ይህን ሁሉ ዝናብ ጠጥተው እንዴት አልበሰበሱም? ዛራ ደግሞ ታዝናለች። ዞምቢ በተገደለ ቁጥር እሱም የሰው ልጅ ነበር ትላለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ የሚደብቅ ሰው። መጀመሪያው ሲዝን ላይ አንድ ጎረምሳ ተነክሶ፣ ንክሻውን በረጅም እጅጌ ሸፍኖ አብሯቸው ተኛ፤ ተለውጦ ሦስት ሰው በላ። «እጅጌ» ብዬው ወር ሙሉ ረገምኩት። ከዚያ ወዲህ ነገር ይዞ ዝም ያለ ሁሉ እኔ ቤት እጅጌ ነው። ዛራ የመጨረሻዋን ብስኩት በልታ ዝም ስትል እንኳ እጅጌ ትባላለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙዓዊያ ደወለልኝ። ሙዓዊያ የዛራ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሞያሌ ይነግዳል። እሷን ትቶ ለእኔ ሲደውል ክፉ ነገር እንዳለ ገና ስልኩን ሳነሣው ገባኝ። አባታቸው ሐጂ አብዱልፈታ ያን ዕለት ጠዋት ዐርፈዋል፤ ከዙህር ሰላት በኋላ ተቀብረዋል። በአውሮፕላን ብትበርም ቀብሩ ላይ አትደርስም ነበር። እሱ ሦስቱን ቀን ለቀስተኛ ተቀብሎ ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ይነሣል፤ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ይደርሳል። ለዘመዱ ሁሉ ተናግሯል፤ የሚደውልላት የለም። እኔንም እስከዚያ አፍሽን ያዥ፣ በስልክ እንዳትሰማ ብሎ በአላህ ስም ለመነኝ።

አልተከራከርኩትም። እኔ የእናቴን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። አንዲት ዘመዴ የሰማሁ መስሏት አላህ ያጽናሽ አለችኝ፤ እኔ ሱቅ ቆሜ ስድስት ሜትር ጨርቅ እየለካሁ ነው። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። ልኬቴን ጨረስኩ፣ ቆረጥኩ፣ አጥፌ ሰጠሁ። ገዢዋ በማግስቱ ጨርቁ አጠረ ብላ መለሰችብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ያ ጨርቅ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ። ዛራ እንደዚያ አትሰማም አልኩ።

ችግሩ እኔ መደበቅ አላውቅም፤ ፊቴ ያወራል። ከሁሉ ያስፈራኝ ደግሞ ዓርብ ነበር። ሐጂ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለዛራ ይደውላሉ፤ ከዘገዩ እሷ ትደውላለች፤ አንድም ዓርብ አምልጧቸው አያውቅም። ሞያሌ ኔትወርክ ጠፍቷል የምትል ውሸት አዘጋጅቼ፣ ረቡዕን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ለብቻዬ ስለማመዳት ዋልኩ።

ሐሙስ መጣ። ሕዝቅያስ ኦቾሎኒውን ይዞ ወረደ፤ ከፈትን። የዚያን ቀኑን ክፍል ማን እንደመረጠልኝ አላውቅም። ዶክተሯ ባሏን ፍለጋ ከጢሞ ጋር በእግሯ ወደ ሌላ መጠለያ ትሄዳለች። የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ በየቁጥቋጦው ሥር እነዚያ አሉ። መንገድ ላይ ጢሞ በመገናኛ ሬዲዮው ባሏ መሞቱን ይሰማል። ሬዲዮውን አጥፍቶ ኪሱ ይከተዋል። ምን አሉህ ስትለው፣ መስመሩ ተበላሽቷል ይላታል። የእኔን ውሸት ከአፌ ነጥቆ ተናገራት።

ሕዝቅያስ ከመቀመጫው ተነሣ። ይህ ጭራሽ ሎጂክ የለውም አለ፤ ሴትዮዋ የምትሄደው ለባሏ ነው፣ ባሏ ከሞተ በምን ምክንያት ነፍሷን ለአደጋ ትሰጣለች፣ ይንገራትና ይመለሱ። ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ እርግማኔን እየጠበቀ ነው። ዛራም አየችኝ። እጅጌ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ።

«ልክ ነው ያደረገው» አልኩ።

ሕዝቅያስ ኦቾሎኒውን እንደያዘ ቀረ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት፤ እኔ አንዴ ከጀመርኩ መች አቆማለሁ።

«ሜዳ ላይ ይንገራት? እነዚያ ከበዋት ማን ይይዛታል? መጠለያው ስትደርስ ሴቶች አሉ፣ የምትቀመጥበት አለ፣ አብሯት የሚያለቅስ አለ። የሚይዛት ሰው እስኪመጣ እሱ ይሸከምላት። ሦስት ቀን ቢሸከምላት ምን ይሆናል?»

መጨረሻው ላይ ድምፄ ከዳኝ። ኦቾሎኒ አነቀኝ ብዬ ሳልኩ። ሕዝቅያስ የእጅጌን ነገር አንሥቶ ሊሞግተኝ ሲል ዛራ ውኃ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ። ሰአዲ ልክ ናት አለች። የቀረውን ክፍል እነዚያ መጡ፣ እነዚያ ደረሱ እያልኩ ጨረስኩት። አልሐምዱሊላህ፣ አለፈልኝ አልኩ፤ እኔ ጅሏ።

ዓርብ ዕለት እሷ ከሥራ ሳትመለስ ቤት ገብቼ ጠበቅኋት። መጣች፤ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋችው። ጁምዓ ካለፈ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። አባባ ምነው ዝም አለ አላለችም፤ እሷም አልደወለችም። ውሸቴን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ። እሷ ቤት ትጠርጋለች። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋችው፣ ፍራሾቹን አናፈሰቻቸው፣ ትልቁን ድስት ከአልጋ ሥር አውጥታ አጠበችው። ምነው ብላት ቤቱ አቧራ ሆኗል አለችኝ። ራት ላይ ጥርሴን አሞኛል ብላ ሳትበላ ተነሣች። ሥራ በዝቶባት ቀኑን ረሳችው ብዬ ደስ አለኝ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሱብሒ ሰግጄ እንደተቀመጥኩ በሩ ተንኳኳ። ተነሥቼ ኮሪደሩ ጋ ሳልደርስ ዛራ ቀድማኛለች። ለብሳለች፤ ጥቁር ሻሿን አስራለች። ከፈተች። ሙዓዊያ የሁለት ቀን እንቅልፍ ዓይኑ ላይ ተከማችቶ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለቱ ሽማግሌዎች። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ ሊጀምር ነበር።

«ግቡ፣ መንገድ ደክሟችኋል» አለች ዛራ። «አውቄዋለሁ።»

ሙዓዊያ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። አልነገርኳትም ብዬ ልምል እጄን አነሣሁ።

«እሷ አልነገረችኝም» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሚደብቅን ሰው ሁሉ ስትራገም ኖራ፣ ሐሙስ ለደባቂ ጥብቅና ቆመች። ሬሳዎቹን እንኳ ሬሳ ማለት ፈርታ እነዚያ፣ እነዚያ ስትል አመሸች። ያኔ የሆነ ሰው ሞቶብናል አልኩ። ዓርብ አባባ ሳይደውልልኝ ሲቀር ማን እንደሆነ አወቅሁ።»

ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ፣ እንዴት ብቻሽን አደርሽ አልኳት። ድምፄ ተቆጥቶ ነው የወጣው፤ እንዲህ ነኝ፣ ሆዴ ሲባባ እቆጣለሁ።

«የሚይዛት ሰው እስኪመጣ አላልሽም?» አለችኝ። «ባለቅስ የምትይዢኝ አንቺ ብቻሽን ነበርሽ። አንቺንስ ማን ይይዝሻል ብዬ ነው።»

እዚያው ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ለሐጂ ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ከመሐል እናቴን ስጠራ ራሴን ሰማሁት። ዘጠኝ ዓመት ያልወጣልኝ ለቅሶ በዛራ መርዶ ወጣ። እሷ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ የራሷ መጣ፤ አንገቴ ሥር ገብታ አባባ፣ አባባ እያለች እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እኔም ያዝኳት። ሽማግሌዎቹ ማናችንን እንደሚያጽናኑ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ሕዝቅያስ ድምፃችንን ሰምቶ በባዶ እግሩ ከፎቅ ወረደ፤ በስዋሂሊ ፖሌ፣ ፖሌ ሳና፣ አይዟችሁ እያለ፣ የሚለው አማርኛ ጠፍቶበት ወለሉ ላይ አጠገባችን ተቀመጠ። ዛራ ያናፈሰቻቸው ፍራሾች ያን ቀን ሙሉ ሰው ሞላባቸው።

ድራማውን እንደገና የከፈትነው ከአርባው በኋላ ነው፤ ክፈቱት ያለችውም እሷ ናት። ዶክተሯ መጠለያው ደረሰች፣ እውነቱን ሰማች፣ ዞራ ጢሞን በጥፊ አጮለችው። ሕዝቅያስ አላልኳችሁም፣ ይኸው ሎጂክ ብሎ እጁን አጨበጨበ።

«የጻፈው ሰው መርዶ አያውቅም» አለች ዛራ፤ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጋ ተጋድማለች።

በዚህ መሐል የመጠለያው አጥር ተናወጠ። እኔም ልማዴ ነውና፣ አንቺ ሴት በሩን ዝጊ፣ እነዚያ መጡልሽ እያልኩ በስክሪኑ ላይ ጮህኩ። ዛራ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

«ሬሳዎቹ በይ፣ ሰአዲ» አለችኝ። «ምንም አይደል። በይው።»

ሬሳዎቹ አልኩ፤ ቀስ ብዬ።