ብዕር የያዘው እጅ

ሙዕተሲም ፉል ሲበላ ያየ ሰው ኤሌክትሪክ ያስተምርልኛል ብሎ ልጁን አይሰጠውም። እኔ ግን ጨንቆኝ ሰጠሁት። የሟቹ ባሌ የእህት ልጅ ነው። ካርቱም ተምሮ መሐንዲስ ከሆነ ወዲህ፣ እሱ ካልፈቀደ ከተማችን አትባራ ውስጥ አምፖል የሚበራ አይመስለውም።

«ሐቦባ» እያለች የምትጠራኝ የልጅ ልጄ ኢብቲሃል ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የኤሌክትሪክና የማግኔት ፈተና ወደቀች። ድጋሚ ፈተና አለ፤ እሱንም ከወደቀች ከምህንድስና ትሰናበታለች። እናቷ ጂዳ የሰው ልብስ እየሰፋች ነው የምታስተምራት። ለእሷ ምን ብዬ ልነግራት ነው? ደም ግፊቴ ወጣ፣ እህል አልወርድ አለኝ።

ለሙዕተሲም ግን ይወርድለታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ እየመጣ የጠፍር አልጋዬ ላይ ተንጋለለ። የወደቀችበትን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እንዲህ አለኝ፦

«ሐጃ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እቺ ልጅ እንደ እናቷ ስፌት ይሻላታል። ስድስት ጥያቄ! በማግኔት መሐል ያለው ሽቦ ወዴት ይገፋል ነው የሚለው። ቁጥሩን አግኝታዋለች፤ አቅጣጫው ግን ስድስቱም ግልብጥ። ላይ ሲሆን ታች፣ ቀኝ ሲሆን ግራ። ዓይኑን ጨፍኖ የሞላ እንኳ ሦስቱን ያገኛል!»

«እንግዲያው ሳትጨፍን ነዋ የሞላችው» አልኩት።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ስድስቱንም የሳተ ሰው እየገመተ አይደለም። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ይኼ ገብቶኛል። አንተ መሐንዲሱ እንዴት አልገባህም?»

ሳቀብኝ። «ሐጃ፣ ሕፃን የሚችለው ነገር ነው እኮ።» ወደ ኢብቲሃል ዞረ። «ቀኝ እጅሽን አንሺ፤ ጣቶችሽን ከረንቱ ወደሚሄድበት ዘርጊ፣ ከዚያ ወደ ማግኔቱ መስክ እጠፊ። አውራ ጣትሽ የሚገፋበትን ያሳይሻል። በቃ!» በዘይት የወዛ ባዶ እጁን አየር ላይ አገለባበጠው። ብዕሩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ከመጣ አንድ ቀን አውጥቶት አያውቅም።

«በይ ልጄ፣ አንዱን ሥሪልኝ» አልኳት።

የኢብቲሃልን እጅ መጠበቅ የቆየ ሥራዬ ነው። ግራኝ ሆና ነው የተወለደችው። ከአንድ ትሪ እየበላን በግራ እጅ የሚዘግን ልጅ ማን አብሮት ይቀመጣል? ሦስት ዓመት ሲሞላት ግራ እጇን በለበስኩት ቶብ ጫፍ አሰርኩት። አልሆን ሲል ጣቶቿን በርበሬ ቀባሁ። አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ ለመደች። ጽሕፈቱም በቀኝ ሆነ። ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነው።

ጎንበስ ብላ ጻፈች። አቅጣጫው ጋ ስትደርስ ቀኝ እጇ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ፤ ያ ያሰርኩት ግራ እጇ ብድግ አለ፣ ጣቶቹ ተዘረጉ፣ ታጠፉ።

«ሙዕተሲም! የቱን እጇን ነው ያነሣችው?»

እሱ ፉሉ ውስጥ ሽንኩርት እየፈለገ ነበር። «የቱን... እ?» ቀና አለ። ቀላ። «በግራማ አቅጣጫው ይገለበጣል! ታዲያ... ታዲያ ብዕሩን ታስቀምጠዋ!»

«ሦስት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጠህ!»

«እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው እንጂ እጅ አልጠብቅም!»

ሰዓት ይዘን አምስት ጥያቄ አሠራናት። ብዕሩን ማስቀመጥ በሁለቱ አስታወሰች፤ በሦስቱ በጥድፊያ ረሳች። «ሐቦባ፣ ፈተና ላይ ስቸኩል ይጠፋኛል» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ተነሣሁ። ብዕሩን ከቀኝ እጇ ወስጄ ግራው ውስጥ አስገባሁና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፍኩላት።

«በዚህ ጻፊ። ቀኙ ባዶ ይሁን።»

«ሰው ቢያይስ?»

«ይይ!»

«ነውር ነው፣ ሐጃ፣ በስተርጅና!» አለ ሙዕተሲም አፉ እንደሞላ።

«ነውሩ ሰው ቤት ሦስት ሳምንት በልቶ አለማየት ነው።»

አንድ ሳምንት ሌት ተቀን ጻፈች። ፊደሏ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስል ነበር። እኔም ልጅነቷን አበላሽቼ ደግሞ አሁን ጨርሼ ላጠፋት ይሆን እያልኩ ስብከነከን ሰነበትኩ። በፈተናው ቀን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ኒም ዛፍ ሥር ሆኜ ያለ የሌለ ዱዓዬን ጨረስኩ።

ስልሳ ስምንት አገኘች። አለፈች። አቅጣጫው አንድም አልተገለበጠ።

ዓሣ ጠበስኩ። ሙዕተሲም ሽታው ጠርቶት መጣ። «እኔ ያስተማርኩት መቼ ይጠፋል!» እያለ ትልቁን ቁራጭ ወደ ራሱ ጎተተ።

ኢብቲሃል እየሳቀች እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። ግራውን!

«ለማግኔት ነው ያልኩሽ እንጂ ለዓሣ መች አልኩ!» ብዬ መታሁት። ቀስ ብዬ ግን፤ ነገም የምትጽፍበት ነው።