ሸክላው ላይ የተጫረው

ወንድሜ ቧንቧ ሠሪ ነው። ሰው ቤት ገብቶ ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ባለቤቶቹም ውሃው መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ምን ቸኮልክ፣ እስቲ ትንሽ ቆይ እያሉ ያስቀሩታል። ድምፁ አንጀት ይበላል። እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ እህቱ ስለሆንኩማ ስንት ነውሩን አውቃለሁ።

ድምፁን የማትወደው እናታችን ብቻ ናት። አባታችን ዘፋኝ ነበር፤ አንድ ቀን ከባንዱ ጋር እንደወጣ ቀረ። እማዬ ንዴቷን የተወጣችው በወንድሜ ላይ ነው። ገና ልጅ ሳለ አፉን በከፈተ ቁጥር ጆሮውን ጠምዝዛ፣ «ሁለተኛ አይልመድህ!» ትለው ነበር። እሱ እንደሆነ አላለቀሰም፣ አልተወም። ፂሙ ሸብቶ እንኳ ምኞቱ ያው አንድ ነው፤ እማዬ አንዲት ቀን «ጥሩ ነው» እንድትለው።

እኔ የምሠራው የዘፈን ሸክላ የምታሳትም አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ሁለት ክፍል ናት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ዞር ብለው የማያዩዋቸውን የሰፈር ሙዚቀኞች ቀድተን፣ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዝ ትንንሽ ሸክላ እናወጣለን። እኔ ክቡን ወረቀት መሃል ላይ እለጥፋለሁ፣ ጠርጌ ሽፋኑ ውስጥ እከታለሁ። አለቃችንን ድሮ አንቱ ነበር የምለው። ቆይቼ ከምነግራችሁ ቀን ወዲህ አንተ ነው፤ ደስ ካላለው የራሱ ጉዳይ።

ዘፈኑ አልቆ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ምንም ድምፅ የሌለበት ልሙጥ ቀለበት አለ። እኛ ቤት ሙዚቀኛው እዚያ ላይ የፈለገውን ቃል ያስጭራል። የልጁን ስም ያስጻፈ አለ፣ የውሻውን ያስጻፈ አለ። የሚጭረው ድምፁን የሚቀርጸው ሰውዬ ነው፤ መርፌ ነው የምንለው። መርፌ ታዲያ መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ይቀርጻል። ሙከራው ከተሰማ በኋላ ስለሚጣል፣ እሱ ላይ የመጣለትን ስድብ ይጭርበታል። በከበሮ መቺያችን ሙከራ ላይ «ቀስ በል፣ ማንም አላባረረህም» ብሎ ጽፎ፣ ከራሱ ከከበሮ መቺው ጋር ሆነን ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ከዚያ እውነተኛው ይቀረጻል፣ ሰውየው የጠየቀው ቃል ይጻፍበታል፣ ወደ ፋብሪካ ይላካል።

ወንድሜ ሲቀዳ ሁላችንንም አስመርሮናል። ዘፍኖ ይጨርስና፣ «እንደገና!»

«ጋሼ፣ ቆንጆ ነው እኮ» እለዋለሁ።

«እማዬ እንከን ታገኝበታለች። እንደገና።»

ሳክስፎን ነፊው ከንፈሩ አብጦ ተራገመ። አለቃ ሰዓቱን እያየ ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ ተሳካለትና ላቡን እየጠረገ ወደ መርፌ ሄዶ፣ «ለእናቴ ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለው። መርፌም እሺ አለ።

ሸክላዎቹ ከፋብሪካ የመጡ ዕለት ወንድሜ በሥራ ልብሱ፣ መፍቻውን እንኳ ከኪሱ ሳያወጣ መጣ። ገና ወረቀት ያልተለጠፈበት አንዱን መንጭቆ፣ ግንባሬን ሳም አድርጎኝ ወጣ። ያለ መነጽር ቅርብ አያይም፤ መነጽሩን ለማድረግ ደግሞ ማን ትዕግሥት አለው።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዱን አቧራውን ልጠርግ ብዬ ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ታየኝ። ሁለተኛ አይልመድህ። ሌላ አነሳሁ፤ ያው ነው። ካርቶኑን ዘረገፍኩት፤ ሁሉም ያው።

«መርፌ! ምንድን ነው ይሄ?»

መጥቶ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «ሙከራው ነው» አለ። «በስመ አብ! ሙከራውን ነው የላክነው። ያንን ሁሉ እንደገና እንደገና ስላለን ነው እንጂ… ቀልድ ነበር እኮ!»

የት ሰምቶት ነው አትበሉኝ፤ ከገዛ እናቱ ነዋ። የማን እናት ያላለችው ነገር ነው?

አለቃ ደግሞ ሳቀ። ሳቀ ስላችሁ! «ማን እዚያ ጋ ያነባል? ለጥፊና ክተቺ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሙጫውን እፊቱ ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግኩ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስደርስ እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ወንድሜ ሥሯ ቁጢጥ ብሏል። በዓይኗ ትኮራለች፤ በዚህ ዕድሜዋ በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች። ሸክላውን በሁለት እጁ አቅርቦላት፣ «እማዬ፣ እዚችው ጋ አንብቢያት፤ ላንቺ ያስጻፍኩት ነው» ይላታል።

«ጋሼ፣ ቆይ!» አልኩ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ድምፄ አልወጣም።

እማዬ ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጋ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየጠራች አነበበችው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ጉልበቷን እየመታች።

«ስለው የኖርኩትን!» አለች። «ይኸው ሰዎቹም ታከታቸው! አንድ ሰው እንኳ ይስማኝ ብዬ ነበር፤ ተመስገን!»

ወንድሜ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አነበበ። ደግሞ አዙሮ አነበበ። ያ የሚያህል ሰውዬ ዓይኔ እያየ ኩምሽሽ አለ።

«ስህተት ነው ጋሼ፣ ሙከራውን ልከውት ነው፣ ቀልድ ነው…» እየተንተባተብኩ አስረዳሁት። አዳመጠኝ። ገባው። መግባቱ ምንም አልጠቀመው።

«ከጀርባዬ የሚባለው ይሄ ነው ማለት ነዋ» አለ። ሸክላውን እማዬ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ደህና የነበረውን የወጥ ቤት ቧንቧ ሊፈታ ገባ።

ዘፈኑ ግን ወጣለት። ሬዲዮ ላይ ገባ፤ ፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሁሉም ሥራ እሱን ማጫወት ሆነ። ጎረቤት በራችን ላይ እየቆመ፣ «የርስዎ ልጅ ነው እንዴ?» ሲላት እማዬ ደረቷን ነፍታ፣ «የኔ ነዋ! ከማን ይወስደዋል?» ትላለች። ዓይን አውጣ! ሸክላ ማጫወቻ ገዝታ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠች።

አለቃ መርፌን አስከትሎ ቤታችን መጣ። «ለእናቴ» ተብሎ በደንብ የተጻፈበት አዲስ ሸክላ ይዘዋል። መርፌ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። አለቃ፣ «ሁለተኛ ሸክላ እናውጣ፤ ሕዝቡ አበደልህ እኮ» አለ።

ወንድሜ ልጅ ሳለ ጆሮው ሲያዝ ይል እንደነበረው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ።

የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያንጎራጉር የሰማው የለም፤ ሰው ቤት ገብቶ ቧንቧውን ጠግኖ ዝም ብሎ ይወጣል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። ወይ ፍንክች!

ዛሬ እማዬ አልጋ ይዛለች። ሸክላው አጠገቧ ይዞራል፤ ያ የመጀመሪያው ነው፣ አዲሱን ማንም አልነካውም። ወንድሜ ከአልጋዋ ማዶ ያለውን መታጠቢያ ይፈታታል።

«ልጄ» አለች፤ እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ድምፅህ ጥሩ ነው። እስቲ ዛሬ ራስህ፣ በአፍህ፣ ትንሽ አንጎራጉርልኝ።»

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ቃል ነበረች። እኔ የማጥፈውን ፎጣ አስቀመጥኩ።

ዘፈኑ አለቀ። የማጫወቻው መርፌ ልሙጡ ቀለበት ላይ ገብቶ፣ የተጫሩት ፊደሎች ጋ በደረሰ ቁጥር ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር።

ወንድሜ መፍቻውን ሳያስቀምጥ፣ «እማዬ፣ ዓይንሽ ደህና አይደል?» አላት።

«ደህና ነው ልጄ።»

«እንግዲያው አንብቢው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠለ። እኔው ሄጄ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳሁት።