መሪ ጥንድ

የሺዋስ ዳንሱን ብቻውን ሊለማመድ ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቁሞ በመካከላቸው ይራመድ ነበር። ቁርስ ገና አልቀረበም፤ አዳራሹ ውስጥ ማንም የለም። ለበሩ የምትቀርበውን ወንበር አርያም ናት ብሎ ሰይሟታል፤ የቀሩት አራቱ ሌሎቹ ጥንዶች ናቸው። እጁን ወደ አርያም ወንበር ዘረጋ፤ በመካከል ወደ ታች ወረደ፤ ዞረ፤ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ጥንድ ውጭ በኩል አልፎ ገባ። ሲያልፍ ክርኑ አንዱን ወንበር ነካው።

«ይቅርታ» አለ።

ከኋላው ሳቅ ሰማ። ልጁ አርያም ቫዮሊኗን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወንበርም ይቅርታ ይባላል?»

«ሳላውቀው ነው።»

«እሱ ነው ፕሮብለሙ፣ አባዬ። ሁሌ ሳታውቀው ነው።»

ካምፑ ቻርልስተን ተራራ ላይ፣ ጥድ መሐል ነው። ታች ላስ ቬጋስ የመኪና መሪ እጅ በሚያቃጥልበት ሐምሌ፣ እዚህ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት የድሮ የእንግሊዝ ገጠር ዳንስ ይማሩበታል፤ ግማሹ ሰው ይደንሳል፣ ግማሹ ሙዚቃውን ያጠናል። አርያም የመጣችው ለሙዚቃው ነው። የሺዋስ የመጣው ልጁን እንዳያጣ ነው።

በሰኔ የእናቷ እህት ስሜነሽ ከሲያትል መጥታ ሄንደርሰን ያለው አፓርታማቸው ሰንብታ ነበር። ሚስቱ ወርቅውሃ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። ስሜነሽ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቴሌቪዥን ከፍታ ብቻዋን እራት ስትበላ በየቀኑ አየች፤ በመጨረሻም የሺዋስን ከሺፍት ሲመለስ ጠብቃ፣ «አትቀየመኝ፣ ወንድሜ። ይህች ልጅ ሰው የላትም። ከእኔ ጋር ትሁን» አለችው። ለአርያምም ነገረቻት። አርያም እሺም እምቢም አላለችም። አክስቷን ኤርፖርት ሸኝተው ሲመለሱ ግን መኪናው ውስጥ፣ «ከእኔ ጋር ካምፕ ና። ዋን ዊክ። ከዚያ ለአክስቴ እነግራታለሁ» አለችው።

ለምን ካምፕ እንዳለችው አልጠየቃትም። በስትሪፑ፣ በላስ ቬጋስ ትልቁ የሆቴል ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ በር ላይ ሻንጣ ተቀባይ ነው፤ ፈቃድ ሞልቶ መጣ። አንድ ነገር ግን ያውቃል። በሚያዝያ የአርያም ትምህርት ቤት ኮንሰርት ነበረው፤ ብቻዋን የምትጫወተው ዜማ ነበራት። ለዚያ ቀን ዕረፍት ወስዶ ሳለ የሥራ ባልደረባው የዘሪሁን ሚስት ምጥ ያዛት፤ የሺዋስ ዕረፍቱን ለዘሪሁን ለቆ በሱ ፈንታ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲያመሰግነው አርያም አጠገቡ ቆማ ነበር። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ላይ ኮቷን አስቀምጣ ቦታ ይዛለት እንደነበር የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ዳንሱን መጀመሪያ ሲያየው የሽማግሌ ጨዋታ መሰለው። ሦስት ጥንድ በሁለት መስመር ፊት ለፊት ይቆማል። ከላይ ያለው ጥንድ ይመራል፤ በመካከል ይወርዳል፣ ሌሎቹን ይዞራል፣ ሲጨርስ ከታች ይቆማል። ያኔ ሁለተኛው ወደ ላይ ይወጣና መሪ ይሆናል፤ ከዚያ ሦስተኛው። ዜማው ሦስት ጊዜ ተደግሞ ያልቃል።

«ለዚህ ነው የምወደው» አለችው አርያም በሁለተኛው ቀን። «ማንም ቦታ አይለምንም። ተራህ ራሱ ይመጣል። እኛም ስንጫወት አስተማሪው ኖታ አትዩ፣ እግር እዩ ይላል። የመጨረሻው እግር ሲያርፍ ነው የቫዮሊኑ ቀስት የሚቆመው።»

የሺዋስ ግን ተራው ሲመጣ አይቀበልም ነበር። መሪ የመሆኑ ጊዜ ሲደርስ፣ ከበታቹ ሽበት ያለው ሰው ካየ፣ እጁ ደረቱ ላይ ይሄዳል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ «ይቅደሙ» ይላል በአማርኛ። ሽማግሌዎቹ ግራ ይገባቸዋል፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቆማል፣ ረድፉ ይተረተራል። አስተማሪዋ ማርጋሬት፣ ቀጭን እንግሊዛዊት፣ አጨብጭባ ታስቆማለች።

«ሚስተር የሺዋስ፣ ዳንሱ ራሱ ጨዋ ነው። እርስዎ ሌላ ጨዋነት አይጨምሩበት።»

ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። በመጀመሪያው ቀን አርያምም ከሙዚቀኞቹ መሐል ሆና ስቃ ነበር። በሦስተኛው ቀን አልሳቀችም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የሁሉም ዳንስ ነበር። አርያም ከምሳ በኋላ ፈልጋ አገኘችው።

«ከአንተ ጋር አንድ ዳንስ አስፈቅጃለሁ። አንድ ብቻ። ከዚያ እስከ መጨረሻው እጫወታለሁ። ማርጋሬትን ጠይቄ ከላይ አድርጋናለች። መሪ ጥንድ ነን።»

«በጣም ጥሩ።»

«ይቅደሙ የለም።»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

«እኔ አልምልም፤ አንቺም አታስምዪ። ግን የለም አልኩሽ።»

ቫዮሊኗን ወንበሯ ላይ አስተኝታ ወረደች። የሺዋስ በራሱ እጅ የተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ከጃኬት ሥር ለብሷል። አዳራሹ በአራት ረድፍ ተከፍሎ ሞላ። ሦስተኛው ጥንዳቸው ጡረታ የወጣች ነርስና ባሏ ናቸው። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነበር፤ ፒያኖው ሊጀምር ሲል ዋልተርና ሚስቱ ዶሪስ በቀስታ መጥተው ገቡበት። ዋልተር ከካምፑ ሰው ሁሉ ትልቁ ነው፤ ጀርባው ጎብጧል፣ ጆሮው ላይ የመስሚያ መርጃ አለ። ከየሺዋስ በታች ቆሞ ወደ ላይ ቀና ብሎ ፈገግ አለለት።

የሺዋስ ዓይኑን ወደ አርያም መለሰ። እጆቿን በጎኗ አድርጋ ቀጥ ብላለች። አልፎ አልፎ ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። ስትጠብቅ ከንፈሯን የምትነክሰው እንደ እናቷ ነው። አልልም አለ በልቡ። የአባቱን ዕድሜ የሚያህል ሰው በቀኝ ትከሻው በኩል፣ ከእሱ በታች፣ ሲተነፍስ ይሰማዋል። አልልም። ፒያኖው የሰላምታውን ድምፅ ሰጠ፤ ሁሉም ጎንበስ አለ። ዋልተር ጎንበስ ብሎ ቀና ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከረ።

የሺዋስ እጁ ደረቱ ላይ ነበር። ወደ ኋላ ብሎም ነበር።

«ይቅደሙ።»

ዋልተር ቋንቋውን ባያውቅም እጁ ገባው። ደስ ብሎት ሚስቱን ጠርቶ ወደ ላይ ወጣ። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ።

«አባዬ፣ ኖ» አለች አርያም።

«ሁለተኛ ነን። ይደርሰናል» አላት ቦታ እየለወጠ። «ዜማው ሦስት ጊዜ አይደለም? አሁን ይደርሰናል፣ የኔ ልጅ።»

እሷም ወደ ሁለተኛው ቦታ ወረደች። ዋልተር ዶሪስን ይዞ በመካከል ወረደ፤ ሲመለስ ዘገየ፤ ዙሩን በግማሽ አሳጥሮ ታች ደረሰ። ዜማው ወደ መጀመሪያው ሲመለስ አርያም ወደ ላይ ወጣች። አንድ እርምጃ ወደ መካከል ገብታ እጇን ዘረጋች። ፊቷ ላይ ቁጣው አልነበረም። የሺዋስ እጁን ሲያነሳ ከታች የጫማ መንሸራተት ሰማና ዞረ። ዋልተር ግድግዳውን ይዞ ዘንበል ብሏል።

ሮጠ። ሲደርስ ነርሷ ክንዱን ይዛዋለች፣ ባሏ ወንበር አቅርቧል፤ ዶሪስ፣ «ትንሽ ደከመው እንጂ ምንም አልሆነም» እያለች ነው። የሺዋስ ውሃ አመጣ። ብርጭቆውን እራሱ ያዘለት። ጃኬቱን አውልቆ ከጀርባው አደረገለት። «ይህ ሰው ምንኛ ደግ ነው» አለች ዶሪስ። ዋልተር እጁን ይዞ አልለቅ አለው፤ የሺዋስም እጁን ከሽማግሌ እጅ መንጠቅ አልቻለም። ሌሎቹ ረድፎች ይደንሱ ነበርና ሙዚቃው አልቆመም። ሁለተኛው ዙር አለቀ። ሦስተኛው አለቀ። ቀና ሲል ረድፋቸው ያለበት ወለል ባዶ ነው። አርያም መድረኩ ላይ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር እያስገባች ነበር።

እስከ መጨረሻው ተጫወተች። የሰው ሁሉ እግር ላይ ዓይኗ ነበር፤ የሺዋስ ግን ከዳር ተቀምጦ ስለነበር የምታየው እግር አልነበረውም።

ሁሉም ሲያልቅ ደረጃው ላይ አገኛት። ፀሐይ ገና የተራራውን ጫፍ አልለቀቀችውም።

«ነርስ ናት እኮ» አለች ሳታየው። «ሁለት ሰው ይዞታል። አንተ ዌት ማድረግ ትችል ነበር።»

«ሽማግሌ ሲወድቅ ቆሜ ልይ?»

«አልወደቀም።»

«አልወደቀም» አለ እሱም።

«ሰው ሁሉ፣ አባትሽ ደግ ነው ይለኛል። አይ ኖው፣ አውቃለሁ። ደግ ነህ። ለእነሱ ሲሆን ትሮጣለህ። እኔ ግን የራስህ ስለሆንኩ ሁሌ መጨረሻ ነኝ። እንደ ራስህ።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «አሁን አክስቴ ጋ ልደውል ነው። ቅሪ ትለኛለህ?»

የሺዋስ አፉን ከፈተ። ቅሪ ሊል ነበር። ስሜነሽ ቤት ሰው አለ፤ ማታ የሚጠብቃት አለ። ልጅን ለራስ ብሎ መያዝ ምን ይባላል? ሲናገር ድምፁ ሆቴል በር ላይ እንግዳ የሚቀበልበት ድምፅ ነበር።

«አንቺ ደስ ያለሽን፣ የኔ ልጅ። እኔ ምንም አይደለሁም።»

አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነስታ ቢሮው አጠገብ ወዳለው ስልክ ሄደች። የሺዋስ ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቃሉ አይሰማም፤ ስትናገር ግን ራሷን ከላይ ወደ ታች ስትነቀንቅ ያያል። ሄዶ ስልኩን ከእጇ ሊቀበል ፈለገ። እግሩ ግን ሌላ ሰው ወረፋ እንደያዘ ሁሉ አልታዘዘውም። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጌታ ሆይ አሁን፣ አሁን አስነሳኝ አለ። ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ ጠዋት ሰው ሁሉ ሻንጣውን መኪናው ውስጥ ጭኗል። የካምፑ ብርድ ልብስ ታጥፎ ዕቃ ቤት መመለስ አለበት። ሰፊ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። የሺዋስ አንዱን ዳር ያዘ፣ አርያም ሌላውን። ራቅ ብለው ወጠሩት፤ አራገፉት፤ የጥድ ቅጠል ረገፈ።

«ሰኞ በረራሽ በስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«ማክሰኞ ነው። አክስቴ ቲኬቱን በፖስታ ሳይሆን ኤርፖርት ታስቀምጣለች።»

ዳሩን ይዛ መጣች። ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙት ጣቶቿ ጣቶቹን ነኩ። ተመልሳ እጥፋቱን ከታች አነሳችና እንደገና መጣች። አሁን ብርድ ልብሱ በመካከላቸው ጠባብ ሆኗል፤ ፊቷ ቅርብ ነው።

«ቅሪ» አለ የሺዋስ።

እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ።

«ቅሪ፣ አርያም። አትሂጂብኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኗ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

«ነግሬያታለሁ እኮ፣ አባዬ» አለች። «ትናንት ነው የጠየቅኩህ።»

የያዘችውን ጫፍ እጁ ላይ አስቀመጠችና ሻንጣዋን ልታመጣ ወጣች። የሺዋስ የመጨረሻውን እጥፋት ብቻውን አጠፈ። ጠርዞቹን አስተካከለ፤ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ በላይ አስቀመጠውና በሩን ዘጋ።