መስታወት ላይ የዘለለች መስመር

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ የድሮው ጠረጴዛዬ ምንም አልጎደለውም ነበር። ጠርዙ ተልጧል፣ አንዱ እግሩ ስር ካርቶን አጥፌ አድርጌበታለሁ፤ ግን ማውሷ እንጨቱ ላይ እንደ ቅቤ ነበር የምትሄደው። ቀያሹ ለክቶ የሚያመጣውን የሰው ግቢ ድንበር ኮምፒውተር ላይ ስስል ስምንት ዓመት አንዴም አልቀለደችብኝም። ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣና ጠረጴዛዎቹን በሙሉ በመስታወት ቀየራቸው። «ደንበኛ ሲገባ ዓይኑ ይረፍ» አለ። ድንቄም ማረፍ! የእኔ ዓይን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላረፈም።

የማውሷ ሆድ ስር ያለችው ቀይ መብራት የጠረጴዛውን ሸካራነት እያየች ነው መንገዷን የምታውቀው። መስታወት ላይ ምን ታያለች? ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀስት አንዴ ትቆማለች፣ አንዴ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዴ ደግሞ ሳልነካት ማዶ ትዘላለች። ቡናማ ፋይል ስሯ ባደርግ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አነሳው። ጋዜጣ አደረግሁ፤ እሱንም አነሳው። ጭኔ ላይ ባስኬዳት የሱሪዬ ጨርቅ ተስማማት፤ «ምንህን ነው የምታከው?» አለኝ ደንበኛ ፊት። ጠረጴዛ ላይ ከኮምፒውተርና ከማውስ በቀር አንዲት ነገር እንዳትታይ ብሏላ! እሱ ሳይኖር አቶ ጽዱ ነው የምንለው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የአንዲት ልብስ ሰፊ ግቢ ካርታ እየሳልኩ ነበር። በስተጓሮ ያለችውን የድንበር ነጥብ ልተክል ስል ቀስቷ ዘለለች። መለስኳት። ዘለለች። መለስኳት። ደሜ ፈላ፤ ማውሷን ጠረጴዛው ላይ ጠፍ አደረግኋትና ሳላየው ሴቭ አድርጌ አተምኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ማህተም አስመታሁበት።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ራሳቸው መጡ። ትልቅ ሴት ናቸው። ካርታውን መስታወቱ ላይ ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ጎረቤቴ ካርታውን አይቶ ሠራተኛ አምጥቶብኛል። የስፌት መኪናዬ ያለችበት ክፍል በካርታው የእሱ ግቢ ውስጥ ነው አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋሁበት ክፍል! ከሰዓት ግድግዳውን ሊያፈርሱት ነው።»

አየሁት። ነጥቧ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገብታለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

«አሁኑኑ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ፤ የማረሚያ ቅጽም አቀበለኝ። እኛ ዘንድ ማህተም ያረፈበት ካርታ ያለ ቅጽ አይነካም። «የስህተቱ ምክንያት» ከሚለው ስር ሁለት ሳጥን አለ። «የልኬት ስህተት» ካልክ ቀያሽ እንደገና ይሄዳል፣ ጎረቤት ይፈርማል፣ ወር ይፈጃል። «የሠራተኛ ግዴለሽነት» ካልክ በዚያው ቀን ይታረማል፤ ሠራተኛው ግን ከካርታ ሥራ ተነስቶ መዝገብ ቤት ይወርዳል።

«ሦስተኛ ሳጥን ይጨመርልኝ» አልኩ። «መስታወት የሚል።»

«መስታወት አይፈርምም። ሌላውስ ሰው እዚሁ መስታወት ላይ አይደል የሚሠራው?»

«እየተሳደበ ነዋ የሚሠራው!»

ሴትየዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያሉ። «ጎረቤቴ እንደሆነ መቼም አይፈርምልኝም» አሉ። «ሁለት ሜትር ከሰማይ ወርዶለት?»

እውነት ለመናገር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ በቀያሹ ማላከክ አማረኝ። ሰውየው እኮ አጠገባችን የለም። ግን በትክክል ነበር የለካው። መስታወቱን መቶ ጊዜ ልርገመው እንጂ፣ ሳያይ ያተመው መስታወቱ አይደለም። «ግዴለሽነት» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ያን ሥራ እወደው ነበር።

ከዚያ ያችኑ ቅጽ ማውሷ ስር አነጠፍኳት። ኧረ እንዴት አማረባት! ቀስቷ ቀጥ ብላ ሄዳ ነጥቧ ላይ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ቅጿን ሊያነሳ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው፤ የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ነው፣ ምን ይበል? ነጥቧን ቦታዋ መለስኩ፣ ድንበሩን ዙሪያውን ሁለቴ አየሁት፣ አተምኩ፣ ማህተም ተመታ።

ሴትየዋ ካርታውን ሳያጥፉ ስልክ ደወሉ። «አቁሙ በሏቸው! ይዤ እየመጣሁ ነው… ምን? ማነው ጀምሩ ያላቸው?» ሰሙና ዘጉት።

«መስኮቱን ነቅለውታል» አሉኝ። «ግድግዳው አለ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልድረስ» ብለው ወጡ።

ሰኞ መዝገብ ቤት ወረድኩ። በቦታዬ የተተካችው ልጅ የመሳቢያዬን ቁልፍ ልትቀበለኝ መጣችና፣ «ወንድሜ፣ ምን ልጠንቀቅ?» አለችኝ። ስለዚያ መስታወት እስከ ምሳ ሰዓት ላወራላት እችል ነበር፤ እርግማኑ ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ከማተምሽ በፊት እዪ» አልኳትና ቁልፉን ሰጠኋት።