በርሜልና ጠፍር አልጋ

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ማሽላው ሳይታጨድ፣ አጎቴ ሙሄ እናቴን አውሮፕላን ሊያስለምዳት ተነሣ። አውሮፕላን አልነበረውም። የነበረው አንድ ባዶ የቤንዚን በርሜል፣ አንድ ጠፍር አልጋና የሠላሳ ዓመት የግመል ነጋዴነት ነው።

ነገሩ የመጣው በእኔ በኩል ነው። ካይሮ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ ሸዋ ሮቢት ስመለስ ያገኘሁት ሥራ ጣሊያኖቹ በከፈቱት ክሊኒክ ማስተርጎም ነበር። ሐኪሙ ትሪፖሊ ስለኖረ ዐረብኛ ይናገራል። እኔ የእሱን ዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ የሕመምተኛውን አማርኛ ወደ ዐረብኛ እመልሳለሁ። ይህን ሥራ መያዜ ደግ ይሁን ክፉ በየማለዳው ራሴን እጠይቃለሁ፤ በየማለዳውም እሄዳለሁ።

የእናቴን የፋዲላን አንድ ዓይን ገና በልጅነቷ ፈንጣጣ ወስዶታል። በሌላው ላይ ደግሞ ሞራ ወጣበት። እህቴ ዙሀራ ከአምስት ወር በፊት ሴት ልጅ ስትወልድ፣ እናቴ ሕፃኗን በጣቶቿ ዳሰሰቻት፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን።

"እኔን ትመስላለች ይሉኛል" አለች። "ቢዋሹኝስ በምን አውቃለሁ?"

ሐኪሙ ዓይኗን አየላት። ሞራ የሚገፍፍ ሰው አዲስ አበባ እንዳለ፣ ግን በወሩ መጨረሻ ወደ አገሩ እንደሚሄድ ነገረኝ። መንገዱ የአርበኞች ነበር፤ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ካሚዮን ሁሉ ይተኮስበታል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ፖስታ የሚያመጣው ትንሽ አውሮፕላን ግን ሲመለስ ባዶውን ነው። ሐኪሙ ለሦስት ሰው ቦታ ለመነልን፤ ለእናቴ፣ ለምታስታምማት ለዙሀራ ከነሕፃኗ፣ ለእኔ።

የቀረው እናቴን ማሳመን ነበር። ጣሊያን በገባ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ከማጀቴ ከተማ በኩል የመጣ አውሮፕላን የጎረቤታችንን የሩቂያን ቤት ከነሰዉ አንድዶታል። እናቴ ያን ቀን ማሽላ ውስጥ በደረቷ ተኝታ ዋለች። ከዚያ ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ራሷን በክንዶቿ ትሸፍናለች።

"እኔ በዚያ ነገር ሆድ ውስጥ አልገባም" አለች።

"ነጅሙዲን ገብቶበት የለ እንዴ?" አለ ሙሄ ወደ እኔ እየጠቆመ። "ምን ሆነ? አንድ ጆሮው እንኳ አልጎደለ።"

ጥፋቱ የእኔ ነው። የተመለስኩ ዕለት ሙሄ በሰው ፊት "ባሕሩን በአየር ነው የተሻገርከው?" ሲለኝ በአዎንታ ራሴን ነቅንቄ ነበር። የመጣሁት በመርከብ ነው፤ ወለሉ ላይ ተኝቼ እያስመለሰኝ።

ሙሄ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከአዋሽ ማዶ እስከ አሊዩ አምባ ግመል ሲነዳ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ካሚዮን መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲመጣ ግመሎቹ እየደነበሩ ጭነት ይጥሉ ነበር። እሱ በርሜል እየመታ አስለመዳቸው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀረብ እያለ።

"ግመል የቻለው ሰውን አያቅተውም" አለ።

"እኔ ግመል ነኝ?"

"አይደለሽም፣ እታለም። ግመል ዝም ብሎ ይሰማል።"

ጠፍር አልጋው ግቢው መሀል ወጣ። እናቴና ሕፃኗን የታቀፈችው ዙሀራ ተቀመጡበት። እኔ በራስጌው በኩል ይዤ አወዛውዛለሁ፤ ሙሄ ከአጥሩ ማዶ በርሜሉን ይደልቃል። የመጀመሪያው ቀን እናቴ ራሷን ሸፈነች። በሦስተኛው ቀን ሙሄ ከአጥሩ ውስጥ ገባ። በአምስተኛው ከአጠገቧ ቆሞ ሲደልቅ "ይሄ ሰውዬ ዱሮም ምት ይስታል፤ ሠርጌ ላይም እንዲሁ ነበር" አለች። ዙሀራ በሳቅ ወደቀች።

እኔም ሐኪሙ የነገረኝን ምክር የራሴ አስመስዬ አወራሁ። ጠዋት ሆድ የሚከብድ ነገር አይበላም። ጆሮ እንዳይደፈን የግራር ሙጫ ይታኘካል። ሲነሣና ሲወርድ ሕፃኗ ትጠባለች። ላይ ስለሚበርድ ጋቢ ይያዛል። ሙሄ ጋቢውን አልተቀበለም።

"በሮቢት ሐሩር ጋቢ ተሸክማችሁ ስትሄዱ ሰው ምን ይላል?"

"ጋሼ፣ አንኮበር ሲወጡ አይበርድዎትም?"

"ይበርደኛል።"

"ይሄ ደግሞ ከአንኮበርም በላይ ነው።"

ጋቢዎቹን ጨመረ። ጓዛችንን በሁለት እስር አሰረው፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ እጁ አንጠልጥሎ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሦስት ጊዜ ፈታቸው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሜዳው ዳር ቆምን። ድምፁ ከደቡብ መጣ። በርሜል አይመስልም ነበር። ዞር ስል እናቴ የለችም። ዙሀራ በአገጯ ወደ ማሽላው ጠቆመችኝ።

በደረቷ ተኝታ አገኘኋት። አጠገቧ ተኛሁ። አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ሜዳው ላይ አረፈ፤ ሞተሩም ቀስ ብሎ ጠፋ።

"አንተ የመጀመሪያ ቀን እንዴት ሆንክ?" አለችኝ፣ ፊቷን ከአፈሩ ሳታነሣ።

የሐሰቱን መልስ ሳምንት ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር። ተውኩት።

"ተሳፍሬ አላውቅም፣ እማ። በመርከብ ነው የመጣሁት። ዋሽቼ ነው።"

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ከዚያ "ትፈራለህ?" አለችኝ።

"እፈራለሁ። አልጋውን ሳወዛውዝም እፈራ ነበር።"

"ይሄ ያኛው ነው? የሩቂያን ቤት ያነደደው?"

በላያችን ሲያልፍ ክንፉ ሥር ባዶ መንጠቆዎች አይቼ ነበር። "አላውቅም። ሊሆን ይችላል" አልኳት።

ተነሥታ ተቀመጠችና አፈሩን ከደረቷ አራገፈች።

"እንግዲያስ ዛሬ ደግሞ ይሸከመን" አለች። "ሙሄ ይሄን ሁሉ ቀን ሲደልቅ የጎደለውን አላወቀም። ፍርሃቱ በእኔ ጎን ብቻ ተጭኖ ነበር። ባንድ ጎን የተጫነ ግመል ደግሞ አይነሣም።" የሻሿን ጫፍ ስባ የእጄ አንጓ ላይ ቋጠረችው፤ በሲራራ ነጋዴ ጉዞ ግመል ከግመል እንደሚታሰረው። "አሁን እኩል ሆነ። ተነሥ።"

አብራሪው በዓይኑ መዘነን። እኔንና እናቴን በአንድ ወገን፣ ዙሀራን ከነጓዙ በሌላው ወገን አስቀመጠ።

"ይሄስ ግመል ነድቶ ያውቃል" አለ ሙሄ ከታች።

እናቴ የሕፃኗን እግር ፈልጋ ያዘች። "ስመለስ ማንን እንደምትመስዪ እኔው አያለሁ" አለቻት። ሞተሩ ተነሣ። ቋጠሮው እጄ ላይ ጠበቀ።

"ዙሀራ፣ ጡት ስጫት" ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "ሙሄ ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

በመስኮቱ አየሁት። በርሜሉን እስከ ሜዳው ድረስ አንከባሎ አምጥቶት ኖሯል።

"እየደለቀ ነው።"

"ምቱን ይዞታል?"

"ከዚህ አይሰማኝም፣ እማ።"

"ስቶታል" አለች፣ ሙጫዋን አፏ ውስጥ እየከተተች።