የሞገስ ቀኖች

እትዬ ጌጤ ባረፉ ጊዜ የመንደራችን ሰው ገና ከለቅሶው ድንኳን ሳይወጣ ልጃቸውን ሞገስን ተከፋፈለው። ሞገስ ያኔ ሠላሳ ዓመት የሞላው ጎልማሳ ነበር። ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ ብቻውን እሳት ማንደድ አይሆንለትም፣ ገበያ ከሄደም መመለሻው ይጠፋዋል። ነገር ግን ከእናቱ መደብ ሌላ ቦታ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ እሱ ቤቱ ይኑር፣ እኛ እንመላለስ ተባለ።

ሰኞ እኔ ወርቅነሽ ነኝ። ማክሰኞ ሮማን ናት። ረቡዕና ዓርብን የወሰደችው ግን ፈሪሃ ናት። ፈሪሃ እስላም፣ ሞገስ ክርስቲያን፤ እንዴት ይሆናል ብለን ስናንገራግር መላውን ራሷ አመጣችው።

“የጾም ቀኑን ለኔ ስጡኝ። ሥጋ የለበት፣ ማን አረደው የሚል ጣጣ የለበት” አለች።

በቀኗ ቤቷ ሄዶ ይበላል፤ በረመዳን እንኳ እሷ አፏ ደርቆ የሱን ሽሮ ትሠራለታለች። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን አላደርገውም።

ሞገስ ቀን የሚቆጥረው በኛ ነው። ረቡዕ አይልም፤ “ዛሬ ፈሪሃ ነው” ይላል። ማሽላ ሲያሽት ደግሞ ውለታውን ይመልሳል። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ካስጮኸ ግሪሳ የሚባል ወፍ በማሳችን አያርፍም። በወረዳችን በቀወት እንደሱ ያለ ወፍ ጠባቂ አላየሁም።

አንድ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ማታ፣ የእናቱ ወንድም ጋሽ ለማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ሞገስን ሊወስዱት ነው።

“ክፍል አዘጋጅቼለታለሁ። ከተማው መኪና ነው፣ እንዳይጠፋብኝ በሩን እየቆለፍኩ አኖረዋለሁ” አሉ።

“ሰው ነው ከብት ነው የሚቆለፍበት?” አልኩ። እኔ ቱግ ማለት አይቸግረኝም።

“አንቺ ሴት፣ ደሜ ነው። እናንተ የሰለቻችሁ ቀን ማን ይጠይቀዋል? ደግሞ እስላም ቤት ይበላል አሉኝ። ሃይማኖቱንስ ማን ይጠብቅለታል?”

እሳቸው ሥጋ ዘመድ ናቸው፣ እኛ ጎረቤት ነን። ማሽላው ደርሶ፣ ማማው ላይ መውጫው ቀርቦ ሞገስ የተቆለፈ በር ሲመለከት ታየኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ የከሰዓቱ አውቶቡስ ከመምጣቱ በፊት በሞገስ ደጅ ተሰበሰብን። ጋሽ ለማ ሚስታቸው ለመንገድ ያሰናዱላቸውን አገልግል ከፈቱ። ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ። ሞገስ ለእንቁላል ያለውን ፍቅር አገር ያውቀዋል።

“ና ልጄ፣ ቅመስና እንሂድ” አሉት።

እጁን ዘረጋ። ከዚያ መልሶ ሰበሰበው።

“ዛሬ ፈሪሃ ነው” አለ።

“ምን ማለቱ ነው?”

“ረቡዕ ነው ጋሼ። ይጾማል” አልኳቸው።

ጋሽ ለማ አገልግሉን ቁልቁል አዩት። መንገዱ ቀኑን አስረስቷቸው ነበር። ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙት። የሚያቃጥል ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

ቀትር ሲያልፍ ሞገስ ማንም ሳይነግረው ተነሥቶ ፈሪሃ ቤት ሄደ። እኛም ተከተልነው። ፈሪሃ ምንም ሳትጠይቅ ለጋሽ ለማም እጅ ማስታጠቢያ አቀረበች። ሽሮውን ከእህታቸው ልጅ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ። ሲጨርሱ ሞገስ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርላቸው ጀመር፤ ወርቅነሽ፣ ሮማን፣ ፈሪሃ፣ እያለ እስከ እሑድ። ከዚያ ቀና አለ።

“ጋሼ፣ አንቱስ የቱ ቀን ነዎት?”

ከአስፋልቱ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ለማ ወደ መንገዱ አዩና ወደ ሞገስ ዞሩ።

“ፋሲካ ነኝ” አሉ።

“ፋሲካ ሩቅ ነው።”

“አዎ፣ ሩቅ ነው ልጄ” አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ብቻቸውን ተሳፈሩ።

የከተማ ሰው ቃል ነው፣ አይመጡም ብዬ ነበር። በፋሲካ ጠዋት ድፎዬን ይዤ የሞገስን በር ገፋሁ። ጋሽ ለማ ጓሮ በግ ይገፍፋሉ፣ ሞገስ እግሩን ይዞላቸዋል። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱን ቅጭም አደረገ።

“እትዬ፣ ዛሬ ጋሼ ነው። አንቺ ሰኞ ነሽ” አለኝ።

ድፎዬን ይዤ እየሳቅሁ ቤቴ ተመለስኩ።