ሰባተኛው ቀፎ

ታንጉት ዲስኩ ከእጇ ሲወጣ ጥሩ እንደወረወረች አውቃለች። ሳህን የሚያህለው ቀይ ፕላስቲክ በሁለቱ ጽዶች መካከል ሾልኮ፣ ከወይራው ቅርንጫፍ በታች ዝቅ ብሎ፣ ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሰባተኛውን ቀፎ ጎኑን መታው።

ድምፁ ግን ልክ አልነበረም።

ይህን ጨዋታ ወደ ወገዳ ከተማ ያመጣው የስፖርት መምህሩ ቻላቸው ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ጫካ ትንሽና ጠባብ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራውና አጋሙ ተቆላልፎ ሰውን በጎኑ ካልሆነ አያሳልፍም። በዚያ መሐል ዲስኩን እየወረወሩ ዒላማውን በጥቂት ውርወራ የመታ ያሸንፋል። ቻላቸው ለዒላማ የሚሆን ነገር ቢያጣ ገበሬዎች የጣሏቸውን አሮጌ ቀፎዎች ለምኖ በየዛፉ ሰቀላቸው። ባዶ ቀፎ ሲመታ እንደ ከበሮ ድው ይላል። የሒሳብ መምህርቷ ታንጉት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የምትመጣው ለዚያ ድምፅ ስትል ነበር።

ይኼኛው ግን ዱቄት የሞላ ጆንያ በጡጫ የተመታ ያህል ታፈነ።

«ቻሌ፣ ይኼን ቀፎ ምን አድርገኸዋል?» አለች፣ ዲስኳን ልታነሳ ወደ ዛፉ እየሄደች።

«አሳመርኩልሽ!» አላት ከኋላ፣ አጋም ውስጥ የገባበትን የራሱን ዲስክ እየፈለገ። «ሸረሪት ወርሶት ነበር። ውስጡን ጠርጌ፣ በእበት ለቅልቄ፣ በወይራ ጭስ አጠንኩት። የሙሽራ ቤት አይሸትም?»

ታንጉት እግሯ ተተከለ። ከቀፎው ሥር ደርሳለች። እስቴ፣ አባቷ ቤት፣ አደይ ሲፈነዳ ባዶ ቀፎ የሚለቀለቀውና በወይራ የሚታጠነው ንብ ለመጥራት ነው። ከተሜው ሸረሪት ያባረረ መስሎት ንቡን ና ግባ ብሎታል።

ከራሷ በላይ እምምም የሚል ድምፅ ተነሳ።

በልጅነቷ አውድማ ላይ አንዲት ንብ ነድፋት ጉሮሮዋ ተዘግቶ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሐኪሙ አባቷን ለብቻው ጠርቶ፣ ሁለተኛ ከተነደፈች ላትተርፍ ትችላለች አለው። ይህን ለቻላቸው አልነገረችውም። ባዶ ቀፎ ምን ያደርገኛል ብላ።

አንዷ ነጠላዋ ላይ አረፈች። ሌላዋ ጉንጯ ላይ። ትንንሾቹ እግሮች ወደ ዓይኗ ሲሄዱ ይሰማታል። እጇ ሊነሳ ፈለገ፤ በጭኗ ላይ ጨምቃ ያዘችው። ከተንቀሳቀስኩ አለቀልኝ።

«ምነው ደረቅሽ? እየመራሁሽ ስለሆነ ነው አይደል?»

«አትምጣ።» ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የተናገረችው። «ንብ ገብቶበታል። አንዷ ከነደፈችኝ እሞታለሁ።»

«በንብ የሚሞት የእስቴ ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ፊቷን አየ። ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ቻላቸው ጥቁር ጃኬቱን አወለቀና በራሱ ላይ እያሽከረከረ ጮኸ። የወይራውን ቅርንጫፍ በጃኬቱ ደጋግሞ ገረፈው። ከቀፎው አፍ የፈሰሰው ንብ ወደሚንቀሳቀሰው ጥቁር ነገር ዞረ። እሱም ቁልቁል በአጋሙ መሐል ሮጠ፤ ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ «ኧረ እናቴን!» ሲል ትሰማዋለች።

ጉንጯ ላይ ያለችው ተነስታ በረረች። ታንጉት በዝግታ፣ እንደታመመ ሰው፣ አንድ እግሯን ከሌላው አስቀደመች። ጫካው አሁን ከቀድሞው የጠበበ መሰላት። አንድ ቦታ የእጇን አንጓ የሆነ ነገር ጠቅ አደረጋት። ንብ ይሁን እሾህ አላየችም፤ ለማየት ድፍረት አልነበራትም።

ከጫካው ወጥታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ቻላቸው ከታች በኩል ብቅ አለ። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ከንፈሩ ዳቦ አክሏል።

«ደህና ነሽ?»

«እንዳትጠጋኝ! ሸሚዝህ ላይ አሉ!»

ቆመ። «ነደፉሽ?»

«አላውቅም። እጄን የሆነ ነገር ወግቶኛል።»

«ጤና ጣቢያ እንሂድ። አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ራቅ ብዬ እከተላለሁ። ግን አውሪ። ድምፅሽ ከተለወጠ እንዳውቅ።»

«ምን ላውራ?»

«ስደቢኝ።»

«አንተ ደደብ!» ብላ ጀመረች። «ንብ አጣኝ! የማያውቀውን ነገር የሚያሳምር! ቀፎ እንደ ሙሽራ ቤት ይታጠናል? ማን ሊያገባ ነው?» ምራቋን ዋጠች። ወረደላት። እንደገና ዋጠች። ስድቡን ባዘገየች ቁጥር ከኋላዋ፣ «ታንጉት! ታንጉት!» የሚለው ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

የከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ሲታይ እጇን ወደ ፀሐይ አነሳች። አንጓዋ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። በጥፍሯ ያዘችና ሳበችው። የአጋም እሾህ ነበር።

ጣለችው። ሆኖም እንዳልተነደፈች ገና አላመነችም፤ ዝም ለማለት ፈራች፤ እየተሳደበች የጤና ጣቢያውን በር ገፋችው።